ንቦቹ መተማ ለምን አልወረዱም?

ጎንደር ሄዶ ደብረ ብርሃን ሥላሴን አይቶ የተመለሰ ሰው ሁለት ነገር ያወራል። አንዱ ከጣራው ላይ ረድፍ ይዘው ቁልቁል የሚያዩት የመላእክት ፊቶች ናቸው፤ ሁለተኛው የንቦቹ ታሪክ ነው። በ1880 ዓ.ም. ጥር ወር የሱዳን ደርቡሽ ከተማዋን እያቃጠለ ሥላሴ ደጃፍ ሲደርስ መንጋ ንብ ወጥቶ ፈረሱንም ፈረሰኛውንም አባረረው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ተረፈ ይባላል። አስጎብኚው ይህን ይነግራችኋል፤ ዲያቆኑ ይነግራችኋል፤ ደጅ ላይ ጧፍ የሚሸጡት እናትም ይነግሯችኋል። እኔም በሰማሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ግን እስቲ ቡናው እስኪደርስ እንጫወት። አርባ አራት ታቦት አላት በምትባለው ጎንደር በዚያው ሰሞን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጋይተዋል። እዚያስ ውስጥ ካህን አልነበረም? ሕፃን ታቅፋ የተጠለለች እናት አልነበረችም? እነሱስ ወደ ሰማይ አላንጋጠጡም? ልጅ ሆነን ይህን ብንጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ "ዝም በል፣ እንዲህ አይባልም!" ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ታሪክ የጻፉ ሰዎች የመጀመሪያው ሕንፃ በመብረቅ እንደተመታ ያነሣሉ። እንዲያ ከሆነ ከደርቡሽ በንብ የዳነው ቤት ከሰማይ እሳት አልዳነም ማለት ነው።

ንቦቹን ማመን ለእኔ ከባድ አይደለም። እግዚአብሔር ንብ ማዘዝ ቢፈልግ ማን ይከለክለዋል? የሚከብደኝ ከታሪኩ ጀርባ ሳናውቀው የምንሠራት ሒሳብ ናት፤ የዳነው ያመነ ነው፣ የጠፋው እምነቱ የጎደለ ነው የምትለዋ። ይህቺ ሒሳብ ደጋ ላይ ጋቢ ደርበው ሲቀመጡ ታስማማለች። ቆላ ስትወርድ ግን አትሠራም፤ መተማ ስትደርስ ጭራሽ ትገለበጣለች።

ከጎንደር ተነሥታችሁ በአይከል አድርጋችሁ ወደ ገንዳ ውሃ ስትወርዱ አየሩ ይለወጣል። ጤፉ ይቀርና ማሽላው፣ ጥጡ፣ ሰሊጡ ይመጣል። መንገዱ ሱዳን ከመግባቱ በፊት የሚያልፍባት የመጨረሻዋ ከተማ መተማ ዮሐንስ ናት፤ ከድልድዩ ማዶ ያለችው ገላባት ናት። መተማ ስማቸውን የያዘችላቸው አፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚያ የወደቁት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለት ሳምንት አልሞላውም።

የንጉሡን ሁኔታ አስቡት። ከደቡብ የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት ተስማምተውባቸዋል። ከምዕራብ ጎንደርን ያቃጠለው ደርቡሽ ቆሟል። ለደርቡሹ አዛዥ እንታረቅ ብለው ቢልኩ የመጣላቸው መልስ ስድብ ነው። ዘውዳቸውን ያሰቡ እንደሆነ መዝመት የነበረባቸው ወደ ሸዋ ነው። እሳቸው ግን ወደ በረሃው ወረዱ። ጦርነቱም ቀንቷቸው ነበር፤ ሠራዊታቸው የደርቡሹን አጥር ጥሶ ገብቶ ነበር። እዚያ ላይ ጥይት ንጉሡን አገኘች። ንጉሡ መቁሰላቸው ሲሰማ ያሸነፈው ጦር ወደ ኋላ አለ። አስከሬናቸውን ይዞ የሚመለሰውን ሰው ደርቡሽ ደረሰበት፤ ራሳቸውም ተቆርጦ የደርቡሹ መዲና ኦምዱርማን ገባ።

ንቦቹ የት ሄዱ? እየጾመ፣ የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን ሊበቀል፣ ዘውዱን አደጋ ላይ ጥሎ ለሄደ ንጉሥ አንድ ቀፎ ጠፋ?

መልስ የሚሰጥ ሰው መቼም አይጠፋም። ወሎዬው ሙስሊም "ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አያቶቻችንን በግድ ማተብ አሳሰሩ፤ የዚያ ዕዳ ነው" ቢል አይፈረድበትም፤ በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው ከዚያ ጉባኤ በኋላ የሆነው ሆኗል። ጎጃሜው "ወደ መተማ ከመውረዳቸው በፊት አገራችንን ባድማ አደረጉት፤ የድሀ እንባ ነው" ቢል እሱም እውነት አለው፤ ጎጃም በዚያ ዘመቻ ተራቁታለች። ኦምዱርማን ላይ ደግሞ ድሉ የአላህ ፍርድ ነው ተብሎ ተበሥሯል። ይኸው ድል አድራጊ መንግሥት ዐሥር ዓመት ሳይሞላው በእንግሊዝ መትረየስ ሲፈርስ ፍርዱ የማን እንደሆነ የጠየቀ ካለ አልሰማሁም። ጥይቷ የተተረጎመችው ከተተኮሰች በኋላ ነው። ሁለት ክንድ ወደ ግራ ብታልፍ ኖሮ ዛሬ የመተማን ንቦች የሚተርክልን አስጎብኚ አናጣም ነበር።

በነገራችን ላይ አፄ ዮሐንስን ቅዱስ ለማድረግም ኃጥእ ለማድረግም አልተነሣሁም። ሰውየው ጾመኛ ነበሩ፣ በሰው ሃይማኖት ላይ ግን ጨካኝ ነበሩ። ሁለቱም አንድ ሰው ውስጥ ይገኛል፤ ዙሪያችሁን ተመልከቱ፣ ብዙ አትርቁ።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ቋራ ውስጥ በርመል ጊዮርጊስ የሚባል ጸበል አለ። ቋራ የካሳ ኃይሉ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ አገር ናት፤ በረሃዋ ግን ለጀግናም ለደካማም እኩል ነው። ከቅርብም ከሩቅም በሽተኛ ወደዚያ ይወርዳል። ሐኪም ያልቻለው ይሄዳል፣ ለሐኪም ገንዘብ ያጠረው ይሄዳል፣ ስለት ያለበት ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት እዚያው ጸበሉ አካባቢ ኮሌራ ገባ። በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተመለሰ። ለመዳን የሄደ ሰው ሌላ በሽታ ጨምሮ መጣ፤ ጭራሽ ያልመጣም አለ።

ኮሌራ እንዴት እንደሚሄድ የማያውቅ የለም። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር የነካው ውሃና ምግብ ነው የሚያስተላልፈው። ብዙ ሕዝብ አንድ ቦታ ሲሰፍር፣ መጸዳጃ ሲያጥር፣ የሚጠጣው ውሃ ከወንዝ ሲቀዳ፣ ክረምቱ ያለውን ሁሉ አጥቦ ወደ ወንዙ ሲያወርድ በሽታው ለማንም አይመለስም፤ ተሳላሚም ይሁን ነጋዴ አይለይም። ሕክምናው ደግሞ ከባድ የሚባል አይደለም። የፈሰሰውን ውሃና ጨው ቶሎ መተካት ነው፤ በጥቅል የሚመጣው ሕይወት አድን በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ የባሰበት በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ይረዳል። የሚገድለው መዘግየቱ ነው። ከቋራ በረሃ እስከ ጤና ጣቢያ ያለውን መንገድ ለሚያውቅ መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ይህ ሲሰማ ከተማ ላይ ሁለት ዓይነት ወሬ ይነሣል። የተማረው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ "ይኸው ጸበላችሁ!" ይላል። አጥባቂው በበኩሉ "ፈተና ነው፤ የታመሙት ተጠራጥረው የገቡት ናቸው" ይላል። ሁለቱ ጠላት የሚመስሉ ሰዎች የሚሠሩት ያቺኑ የንብ ሒሳብ ነው። አንደኛው ሰው ስለታመመ እግዚአብሔር የለም ይላል። ሌላው ሰው ስለታመመ ሰውየው እምነት የለውም ይላል። መጸዳጃ ስለመቆፈር አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

ይልቅ የዐቢይ ጾምን አራተኛ እሑድ አስታውሱ። መፃጉዕ ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሳምንት ሰይማ የምታስበው ይህ ሰው ሠላሳ ስምንት ዓመት ታሞ ጸበል ዳር ተኝቶ ያልዳነ ሰው ነው! ውሃው ይናወጣል፣ ቀድሞ የገባ ይድናል፣ እሱን ግን የሚያስገባው ሰው የለም። ጌታ መጥቶ ልትድን ትወዳለህን ብሎ ሲጠይቀው እንኳ በሙሉ አፉ አዎን አላለም፤ ሰው የለኝም ብሎ ስሞታውን ነው ያቀረበው። እምነቱ ተለክቶ በቂ ሆኖ አልተገኘም፤ የለካውም የለም። የዳነውም ውሃው ውስጥ ሳይገባ ነው። እኔ ይህን ወንጌል ስሰማ ከሰውየው ይልቅ የሚገርመኝ እዚያ ዙሪያ የነበረው ሕዝብ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ተሸካሚ ጠፋ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ግን "ያልዳንከው እምነትህ ስላነሰ ነው" ብሎ የሚመክረው እንዳልጠፋ እርግጠኛ ነኝ፤ አልተጻፈም እንጂ።

ያ ምክር ቆላ ላይ ሰው ይገድላል። ማጋነን አይደለም። ካላዛርን ተመልከቱ። ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው ወጣት ቀን ሰሊጥ ውስጥ ይውላል፤ ሌሊት ሙቀቱ ስለማያስተኛው ደጅ ወይም ዛፍ ሥር ያድራል። ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ እዚያ ታገኘዋለች። በሽታው ወዲያው አይታይም። ልጁ ደሞዙን ይዞ አገሩ ይመለሳል፤ ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፣ ሰውነቱ ያልቃል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይገፋል። እናቱ መተት ነው ትላለች፤ ጎረቤት ከበረሃ ይዞት የመጣው ነገር አለ ይላል። ሰባት ቀን ጸበል፣ ቀጥሎ ሁለት ሰባት፣ ሦስት ሰባት። ሳይታከም ከቀረ ካላዛር በአብዛኛው ይገድላል። መድኃኒቱ ግን አለ፤ ጎንደርም ይሰጣል፣ ታች አብደራፊም ይሰጣል። በመርፌ ለሳምንታት የሚሰጥ ነው፣ ያደክማል፣ ግን ያድናል።

ጸበሉን ተው የሚለኝ ካለ አልሰማውም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ቤተ ክርስቲያናችንም ምረጡ አላለችም። በ1999 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ብዙ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ትተው ሲጠመቁ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድኃኒቱንም እየዋጡ ጸበሉንም እንዲጠመቁ በይፋ ተናግረዋል። ያኔ ስንቱ እናት እፎይ እንዳለ መገመት ይቻላል። ብዙ ሰው ኪኒኑን የሚተወው ጠልቶት አይደለም። ኪኒን መዋጥ ሃይማኖት ማጉደል እየመሰለው ነው። ይህን ያስመሰለበት ማነው? አንዳንድ ጊዜ ሰባኪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን እኛ ነን፤ ለቅሶ ቤት፣ ጸበል ቤት፣ ማኅበር ላይ የምንጥላት አንዲት ቃል ናት። "እስቲ በደንብ አምነህ ተጠመቅ!" በደንብ ያላመነ ማን ነው? መለኪያው በማን እጅ ነው?

የኢዮብን ወዳጆች ታውቋቸዋላችሁ። መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እስከዚያ ድረስ እንከን የማይወጣላቸው ለቀስተኞች ነበሩ። የተበላሹት ማብራራት ሲጀምሩ ነው። ይህ የመጣብህ ኃጢአት ብትሠራ ነው እያሉ በየተራ አስረዱት። ኢዮብ ግን ጮኸ፣ ተከራከረ፣ የተወለደበትን ቀን ረገመ፣ አምላክን ልሟገተው አለ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በአስረጂዎቹ ላይ ነው። መሥዋዕት ይዘው ወደዚያ ወደ ጮኸው ሰው ሄደው እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። ይህን ታሪክ ሕማማት ላይ ስንሰማው እንኖራለን፤ ፋሲካ ሲያልፍ ግን ተመልሰን አስረጂዎቹ እኛው ነን።

ጥርጣሬ የኃጥእ ብቻ ይመስለን የለ? መነኮሳቱን እንይ። በዚሁ በምዕራብ ጎንደር በረሃ ማኅበረ ሥላሴ የሚባል ጥንታዊ የአንድነት ገዳም አለ። በዚያ ሙቀት፣ ከዚያ ወባ ጋር፣ የእኔ የሚሉት ነገር ሳይኖራቸው የሚኖሩ አባቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ሊጠራጠር ይችላል ትሉ ይሆናል። በገዳማቱ ከሚነበቡት መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የማር ይስሐቅ ነው። ማር ይስሐቅ በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሹሞ በወራት ውስጥ ሹመቱን ትቶ ወደ በረሃ የገባ ሰው ነው። እሱ የሚጽፈው ለአጥባቂ መነኮሳት ነው፤ ሆኖም ጸሎት ሁሉ የሚሞትበት፣ ነፍስ የምትጨልምበት፣ ሰው እስካሁን የደከምኩት ለከንቱ ነው የሚልበት ሰዓት እንደሚመጣ ሳይሸፋፍን ይነግራቸዋል። ምክሩ ምን ይመስላችኋል? መጸለይ ያቃተህ እንደሆነ መጎናጸፊያህን ተከናንበህ ተኛ፣ ጨለማው እስኪያልፍ ጠብቅ፣ ከበዓትህ ብቻ አትውጣ የሚል ነው። በደንብ እመን አላለም። ሰበብ ፈልግ አላለም። ተከናንበህ ተኛ!

እኛ ግን እንዲህ ያለው ሰዓት ሲመጣብን መናገር ነውር ነው። "እንዴት ሰነበትክ?" "እግዚአብሔር ይመስገን።" ልጁ ታግቶ የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚያፈላልግ አባትም መልሱ ይኸው ነው። ምስጋናው ውሸት ነው አልልም፤ በጎንደርና መተማ መንገድ ላይ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ውሎ መግባት በራሱ የሚያስመሰግን ሆኗል። ግን ከምስጋናው ሥር ያለውን የሚያወጣበት ቦታ ያስፈልገዋል። የንስሐ አባት ለዚህ ነበር። አሁን አሁን የንስሐ አባት የሚጠራው ለክርስትናና ለፍትሐት ሆነ እንጂ፣ "አባ፣ ዘንድሮ እግዚአብሔር የት እንዳለ ጠፍቶብኛል" ብሎ በር ዘግቶ የሚቀመጥ ስንቱ ነው? ሰባት ስግደት የሚያዝዙ አባት እንዳሉ ሁሉ "እኔም ይጠፋብኛል ልጄ" የሚሉም አሉ። ኋለኞቹን ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው።

ሌላ ዓይነት ጥርጣሬም አለ፤ ስለ እግዚአብሔር መኖር ሳይሆን ደግ መሆን ይጠቅም እንደሆነ መጠራጠር። የሱዳን ጦርነት የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉት፤ ቀዳም ሥዑር ነበር። እኛ ቄጤማ በራሳችን አስረን ሌሊቱን ስንጠብቅ ካርቱም ላይ መድፍ ይተኮስ ነበር። በዳግም ትንሣኤ፣ ቶማስ ካላየሁ ካልዳሰስኩ አላምንም ያለው በሚታሰብበት ሰሞን፣ መተማ በስደተኛ ተጥለቅልቃ ነበር። ሱዳናዊው፣ ካርቱም ሠርቶ የኖረው ኢትዮጵያዊ፣ ኤርትራዊው፣ የሌላም አገር ሰው፣ ሕፃኑ፣ ነፍሰ ጡሯ በዚያ ድልድይ አለፉ። ለሙስሊሙ ጎረቤት ደግሞ የረመዳን ማብቂያና ኢድ ነበር። የመተማ ሰው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለውን አካፈለ፤ ውሃ ያቀረበ አለ፣ ቤቱን የከፈተ አለ። የቤት ኪራይ በአንድ ሌሊት እጥፍ ያደረገም አለ፤ ይህንንም እንናገር እንጂ።

ከዚያ የመጣው ደግሞ የታወቀ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ እኛው ጋ ጦርነት መጣ። ስደተኞቹ በሰፈሩባቸው በኩመርና በአውላላ ዝርፊያና ጥቃት በዛ፤ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ብዙዎቹ መጠለያውን ጥለው መንገድ ዳር ወጡ። እንግዳ መቀበል ጽድቅ ነው ሲባል ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ምን ይበል? ለእንግዳው ውሃ ያቀረበውም፣ እንግዳውን የዘረፈውም አንገቱ ላይ ማተብ ሊኖር ይችላል። ይህ እኔን ከኮሌራው ይበልጥ ያስቸግረኛል። ለኮሌራ ቢያንስ መጸዳጃ ይቆፈርለታል።

በዚህ ላይ መልስ ሳይሆን ትዝብት ነው ያለኝ። ቆላ ላይ ያየኋቸው እምነታቸው የጸና ሰዎች ነገሩን የማብራራት ችሎታ የላቸውም። ለምን እንደሆነ አትጠይቋቸው፤ "እኔ ምን አውቃለሁ" ነው መልሳቸው። የሚያውቁት ነገ ረቡዕ ስለሆነ እንደሚጾም፣ ጎረቤት የታመመውን ልጅ በባጃጅ ማድረስ እንዳለባቸው፣ ለማኅበሩ ጠላ ገብሱ እንዳልተፈጨ ነው። ጾሙም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዐቢይ ጾም እዚያ የሚውለው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት ነው። የዕጣን ሠራተኛው በዚያ ፀሐይ ከዛፍ ዛፍ እየሄደ ልጡን ይፍቃል፤ ከቀናት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅምና በዚያው ቦታ ይደግማል። በቅዳሴ ሰዓት ጎንደርና አዲስ አበባ የሚጤሰው ያ ነው። ለቃሚው ራሱ ግን ስንት ወር ቅዳሴ ሳይሰማ ይከርማል። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ውሃ ሳይቀምስ የሚውለውም አለ፤ የበረሃ ሥራ ነው ብሎ ከንስሐ አባቱ ፈቃድ የጠየቀም አለ። ፈቃድ የጠየቀው ያነሰ ክርስቲያን ነው የሚለኝ ካለ መጋቢት ላይ ቆላ ወርዶ አንድ ቀን ይሞክረው።

ከሁሉ የሚያስቀውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። የሰሊጥና የበዓል ነገር ነው።

ሰሊጥ ሲደርስ ከሥር ያለው ፍሬ ቀድሞ ይደርሳል። ዝም ካሉት አፉን ይከፍትና ዘሩን መሬት ላይ ያፈሰዋል፤ የዓመት ልፋት በነፋስ ነው። ስለዚህ አፉን ሳይከፍት ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ የሚባል ክምር ሆኖ ይቆምና ሲደርቅ ሸራ ላይ ይራገፋል። ይህ ሁሉ ጥድፊያ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ይወድቃል። እስቲ የጥቅምትን በዓላት ቁጠሩ። 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 14 አቡነ አረጋዊ፣ 17 እስጢፋኖስ፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። እሑዱን ጨምሩበት። ደጋ ላይ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ማክበር አይከብድም። ቆላ ላይ ባለሀብቱ የባንክ ዕዳ አለበት፣ ሰሊጡ አፉን ሊከፍት ነው፣ ሠራተኛው የሚከፈለው ባጨደው ልክ ነው፣ እናቱ ደግሞ ስትሸኘው "ልጄ፣ ገብርኤልን እንዳትሽረው" ብላዋለች።

ሌሊት እሳት ዙሪያ የሚነሣውን ክርክር አንድ ሊቀ ሊቃውንት ቢሰማው ይጽፈው ነበር። አንዱ በሰንበት በሬው ጉድጓድ ቢገባበት የማያወጣ ማን ነው የተባለውን ይጠቅሳል፤ ሰሊጡም ጉድጓድ እየገባ ነው ይላል። ሌላው በሬው የራስህ ነው፣ ሰሊጡ ግን የባለሀብቱ ነው ብሎ ያፋጥጠዋል። ሦስተኛው አጭዶ የቀኑን ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ልስጥ ይላል። አራተኛው እሱ ጉቦ ነው ይለዋል። ካቦው "ንጋት ላይ የሚወጣ ይውጣ፣ የማይወጣ ይተኛ" ብሎ ይቋጨዋል። ሲነጋ ግማሹ ይወጣል፣ ግማሹ ይተኛል። የወጣውም የተኛውም ልቡ ሙሉ አይደለም።

እንበልና ከወጡት አንዱን ነዶ ሲያነሣ እባብ ነደፈው። ወሬው ማታውኑ ገንዳ ውሃ ይደርሳል፤ "አላልኩም? ገብርኤልን ሽሮ!" ከሳምንት በኋላ ልጁ በተወለደበት ደጋም ይሰማል። በዓመቱ ደግሞ እንበልና በዓሉን አክብሮ ዛፍ ጥላ ሥር የተኛውን እባብ ነደፈው። ይህኛው ወሬ ካምፑን አልፎ አይሄድም። የሚተረጉመው አይገኝም። "እባብ ነደፈው" ተብሎ ብቻ ይታለፋል፤ ያኔ ሁሉም ለጊዜው የሚያሳስበው ባጃጅ ማግኘትና ጤና ጣቢያው ክፍት መሆኑ ነው።